የማይቆመው እንዝርት

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

«ምነው ድምፃችሁ? አልበላችሁም እንዴ? ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

እንዲህ ነው እንጂ! በድሮ ጊዜ ትርንጎና አስካለ የሚባሉ እህትማማቾች ነበሩ። ሁለቱም ጥጥ ይፈትላሉ። ትርንጎ ምሳ ሲደርስ እንዝርቷን ታስቀምጣለች። ትበላለች፤ ከልጆች ጋር ትጫወታለች። ሰዉ «ሰነፍ!» ይላታል። እሷ ግን «ይበሉኝ፤ እኔ እንዲህ ነኝ» ትላለች። እኔማ ስወዳት!

አንድ ቀን ጭራቅ ስልቻ አንጠልጥሎ አስካለ ዘንድ መጣ። «እዚህ ውስጥ የአስማት እንዝርት አለ። ከአገሩ ፈታይ ሁሉ ትበልጫለሽ» አላት። ራሱ በእጁ አይነካውም። አስካለ እጇን ሰዳ ወሰደችው። መፍተል ጀመረች። ጭራቁ ደጅ ተቀምጦ ጠበቀ። ለምን? ደክሟት ስትወድቅ ሊበላት ነዋ!

ትርንጎ መጣች። «እህቴ፣ ነይ እንብላ።»

«ይህቺን ልጨርስ» አለች አስካለ።

በማግስቱም መጣች። «እህቴ፣ ነይ እንብላ።»

«ይህቺን ብቻ!»

በሦስተኛው ቀን አስካለን ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አገኘቻት። «ትርንጎዬ፣ እጄ ተጣበቀ። ማቆም አቃተኝ» ብላ አለቀሰች። ትርንጎ ይህን ሰምታ ወደ ደጅ ወጣች።

ጭራቁ አያት። «አንቺ ሰነፍ፣ ላንቺም ሌላ እንዝርት አለኝ» ብሎ ስልቻውን በአንድ እጁ ዘረጋላት።

«ወግድ፣ ባለጌ!» አለችው። «ዕቃ በአንድ እጅ ይሰጣል? ያውም በስልቻ ሸፍኖ? በእኛ አገር ዝቅ ተብሎ፣ በሁለት እጅ ነው የሚሰጠው! እናትህ አላስተማረችህም?»

ጭራቅም እናት አለው። አፈረና ጥንቃቄውን ረሳ። ዝቅ አለና እንዝርቱን አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላት። ትርንጎ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። እንዝርቱ ጭራቁ እጅ ላይ ተጣብቆ ይሽከረከር ጀመር!

«ተቀበይኝ!» አላት።

«ምሳዬን ልብላና።»

«ተቀበይኝ!»

«ከልጆቹ ጋር ልጫወትና።»

«ኧረ በእናትሽ ተቀበይኝ!»

«መጀመሪያ እህቴን ልቀቃት!»

«ለቀቅኳት!» የአስካለ እንዝርት ዱብ አለ። «በይ አሁን ተቀበይኝ!»

«እኔማ ሰነፍ ነኝ፤ አልችልም» አለችው። አይ ትርንጎ! የጀግና ልብ! ጭራቁ እየፈተለ፣ እየጮኸ ገደሉን ወረደ። ተመልሶም አልመጣም።

ትርንጎ እህቷን አንድ አጎረሰቻት፤ ሁለት አጎረሰቻት። በሦስተኛው አስካለ እያላመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ያልተፈተለው ጥጥ እዚያው ተከምሮ አደረ፤ ማንም አልነካውም።

ልጆቼ፣ ሥራ ክቡር ነው። አላስቆም ያለ ሥራ ግን ሰው ይበላል። ስለዚህ ሰው ምንም ቢላችሁ፣ ሲደክማችሁ «በቃኝ» በሉ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ የተረፈውን እናንተ ጉረሱ!