ቦራ በቅሎና የወፍጮ ቤቱ ስብሰባ

አይ፣ «ተሰብስበን ተማክረን ነው የወሰንነው» አትበለኝ። መሰብሰቡንማ ማንም ይሰበሰባል። ቦራ በቅሎም ሰብስባ ነበር እኮ፣ ያውም ሦስቴ። እስከ መጨረሻው ስማውና ከዛ በኋላ «ልክ ነበርን» ካልክ ትለኛለህ።

ዱሮ ነው። አውሬውም ከብቱም፣ ድንጋዩም ዕቃውም እንደኛ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ጊዜ፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ አንድ የውሃ ወፍጮ ነበር። የሸለቆው እንስሳ ሁሉ እህሉን የሚያስፈጨው እዛ ነው። ወፍጮ ቤቱን እንድታስተዳድር የተሾመችው ቦራ በቅሎ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ነው ቦራ የሚሏት። ከሹመቱ በፊት ጨው ነጋዴ ቤት ነበረች። አሞሌ ተጭና ቆላ ስትወርድ ደጋ ስትወጣ ጀርባዋ ገጣባ በገጣባ ሆኖ ነበር። ከጎኗ ዳለቻ የሚባል አህያ ነበር፤ አብረው ይጫናሉ፣ አብረው ያድራሉ። ስትሾም እሱንም አስለቅቃ ይዛው መጣች፣ እህል ከገበያ ወደ ወፍጮ ቤት አመላላሽ አደረገችው። የሸለቆው ትልልቆች ግን ቁርጡን ነግረዋታል፤ ወፍጮ ቤቱ ደንበኛ ካጣ ይዘጋል፣ እሷም ወደ ጨው ጭነቷ ትመለሳለች።

እና አንድ ቀን ቆቅ የወሰደችውን ዱቄት መልሳ ይዛ መጣች። ጆንያውን ደፋችው።

«ይሄ ዱቄት ነው?» አለች። «ቅንጬ ብፈልግ ኖሮ ቅንጬ ስጡኝ እላችሁ ነበር።»

በማግስቱ ጃርትም መለሰ። ከዛ ሚዳቋ። ማዶ፣ ተራራው ላይ ደግሞ ዝንጀሮዎቹ ሌላ ወፍጮ ከፍተዋል። ቦራ እንቅልፍ አጣች፤ የጨው ጭነቱ ገና ሳይጫንባት ከበዳት። ሠራተኞቿን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰበሰበች።

የሸለቆው ወግ ደግሞ ያው የኛው ወግ ነው። ስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚናገረው ትልቅ ሰው ነው። ትልቁ ጋሽ ጉሬዛ ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ዋርካው ላይ ይቀመጣሉ፣ ውሏቸውም አዳራቸውም ዛፍ ላይ ነው። ወፍጮ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ግን ትልቅ ናቸው፣ ይከበራሉ። ቦራ ዱቄቱ እንደሻከረ ነገረቻቸውና ቀድመው እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ጉሬዛ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እህሉ ሳይደርቅ እየተፈጨ ይመስለኛል» አሉ።

እህሉን የምትለቅመው ገብስማ ዶሮ ናት። ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ደረቅ እህል እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አፏን ከፈተች። ጋሽ ጉሬዛን ቀና ብላ አየቻቸው። አፏን ገጠመችና እሷም ጋሽ ጉሬዛ ያሉትን ነው የምለው አለች። የውሃውን መዝጊያ የምትከፍተው ጦጣም ጋሽ ጉሬዛ እንዳሉት ነው አለች። ተጨበጨበ። በሙሉ ድምፅ ተባለ።

እህሉ ሁሉ ሰሌን ላይ ተሰጣ። እርግቦች ወሬውን ሰምተው መጡ፣ ግማሹን በሉት። የቀረው ተፈጨ። ያው ቅንጬ።

ቦራ ሁለተኛ ሰበሰበች። ጋሽ ጉሬዛ ቀድመው ተናገሩ፣ ወንፊቱ ሳይሰፋ አይቀርም አሉ። ጦጣ እሳቸው እንዳሉት ነው አለች፣ ገብስማ እሳቸው እንዳሉት ነው አለች፣ ተጨበጨበ። አሮጌው ወንፊት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቅሬታውን አሰማ፤ እኔ የመጣልኝን ነው የማሳልፈው፣ የምፈጨው እኔ አይደለሁም አለ። ማን ይስማው። አወረዱትና ቀዳዳው የጠበበ አዲስ ወንፊት ገባ። በአዲሱ ምንም አያልፍም። ጆንያው ተከመረ፣ ወረፋው ወንዙ ድረስ ደረሰ፣ ቆቅም ጃርትም ሚዳቋም ወረፋ ላይ ተጣሉ። ግማሹ እህሉን ተሸክሞ ወደ ዝንጀሮዎቹ ወጣ።

ሦስተኛ ሰበሰበች። አሁን ሁሉም ፈርቷል። ደንበኛው አልቋል ማለት ይቻላል። ዳለቻ የለም፣ እህል ሊያመጣ ወጥቷል። ሁሉም አንጋጦ ጋሽ ጉሬዛን ያያቸዋል።

«እንግዲህ...» አሉ። «ምናልባት አመላላሹ እንዳይሆን። እህሉን መንገድ ለመንገድ ሲያንገጫግጨው...»

ሳይጨርሱ ጦጣ እንዳሉት ነው አለች። ገብስማም አለች። ቦራ በሆዷ እንዳልሆነ ታውቃለች። እሷ ራሷ ስንት ዘመን ጭነት ተሸክማለች፤ እህል ተንገጫግጮ ሲበላሽ አይታ አታውቅም። ግን ፈርታለች። አስተዳዳሪዋ ዝም አለች እንዳትባል አንድ ነገር ወስና መታየት አለባት። እና ወሰነች።

ዳለቻ ማታ ሲመለስ ከሥራው መባረሩን ነገረችው። ጭነቱን አራገፈ፣ ጆሮውን ጣለ፣ ሄደ። የት ይሄዳል? የሚያውቀው ቤት የጨው ነጋዴውን ቤት ብቻ ነው።

ከዛ በኋላ ለቆቅ፣ ጎረቤት ናት ብለው፣ ትንሽ ፈጭተው በአሮጌው ወንፊት ነፉላት። ያው ቅንጬ። ቆቅም ያንን ይዛ ወጥታ ሄደች።

ወፍጮ ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ጭር አለ። ቦራ ብቻዋን ቆማ ንዴቷ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ፤ በቅሎ አይደለች፣ ዞር አለችና ወፍጮውን በኋላ እግሯ ረገጠችው። ኮቴዋ ድንጋዩ ላይ ሸርተት አለ። ወደቀች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ድንጋዩ።

«አዳለጠኝ።»

«ታዲያ እህሉስ ምን ይዞት ይቆማል? ከተወቀርኩ ስንት ክረምት አለፈኝ። ፊቴ ካልተወቀረ ልሙጥ እሆናለሁ። ልሙጥ ከሆንኩ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስብሰባው እዛ ዋርካው ሥር ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ። አንድ ቀን መጥተሽ ነክተሽኛል?»

ቦራ ተነሳችና ሮጠች። ጦጣን ያዘቻት። ጦጣ እንደምታውቅ አመነች፤ ውሃውን ስትለቀው የድንጋዩ ድምፅ ከተቀየረ ቆይቷል፣ ግን ጋሽ ጉሬዛ አንዴ ከተናገሩ በኋላ እሷ ማን ናት። ገብስማም እህሉ ደረቅ እንደነበር ተናገረች፤ የትልቅ ሰው ቃል ማፍረስ ሆኖባት ነው። ቦራ ይሄን ስትሰማ ዋርካው ሥር ሄዳ ጋሽ ጉሬዛ ላይ ጮኸችባቸው፤ ለምንድነው የማያውቁትን የሚናገሩት አለች።

ጋሽ ጉሬዛ አልተቆጡም።

«እኔ ቅጠል በል ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «ዱቄት ቀምሼ አላውቅም። ቀድመው ይናገሩ አላችሁኝ፣ ዝም ማለቱ ነውር መሰለኝ፣ አፌ ላይ የመጣውን ወረወርኩ። አንዳችሁ ታርሙኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ አጨበጨባችሁ።»

ቦራ ዞራ ድንጋይ የሚወቅር ፍለጋ ሄደች።

ድንጋይ ወቃሪው ግንደ ቆርቁር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው ዛፍ ላይ ነበር፣ ተኝቶ። የጠራው የለም፤ እያንዳንዱ ሌላው ይጠራዋል እያለ ነው የከረመው። መጣና የድንጋዩን ፊት ኳ ኳ ኳ ሲያደርገው ዋለ። ሲፈጭ ዱቄቱ እንደ ብናኝ ወጣ። ቆቅ መጣች፣ ጃርት መጣ፣ ሚዳቋ መጣች። ከዛን ቀን ጀምሮ ስብሰባው ወፍጮው አጠገብ ሆነ። ቀድሞ የሚናገረው ሥራውን በእጁ የሚነካው ነው፣ ጋሽ ጉሬዛ መጨረሻ ላይ ይመርቃሉ። እሳቸውም ተገላገልኩ አሉ።

ተረቱ የሚለው ይሄን ነው፤ ሥራ ሲበላሽብህ መጀመሪያ የተበላሸውን ሄደህ ንካው፣ የሚሠራበትን ጠይቀው፣ ትልቅ ሰው መጨረሻ ላይ ይናገር፣ ውሳኔው ከዛ በኋላ ይምጣ። ይሄንን ሁሉም ይወደዋል። ግን እዚህ ጋ አያልቅም።

ቦራ ዳለቻን ልትመልሰው ወጣች። ዳገት ላይ አገኘችው፣ አሞሌ ተጭኖ፣ ነጋዴው ከኋላ እየነዳው። ነጋዴውን ለመነችው። ነጋዴው አንዴ የለቀቅኩትን አህያ ሁለተኛ አልለቅም አለ፣ ጨርሶ እምቢ አለ። ቦራ ከዳለቻ ጎን ጎን እየሄደች ወፍጮው እንደተስተካከለ ነገረችው፣ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም አለችው።

«ምን ላድርግ፣ ሁላችንም ነን የወሰንነው» አለችው።

ዳለቻ ቆመ። ነጋዴው በአለንጋ ሸነቆጠው፣ አልተነቃነቀም።

«ሁላችንም የምትዪው እነማንን ነው?» አላት። «እኔ እህል ጭኜ መንገድ ላይ ነበርኩ። ጉሬዛ ዛፍ ላይ ናቸው፣ አያውቁም። አንቺ ግን ይሄንኑ ጭነት ከኔ ጋር ተሸክመሻል፣ እህል ተንገጫግጮ እንደማይበላሽ ታውቂያለሽ። ወፍጮው ደግሞ ከምትቆሚበት አጠገብ ነው። እጅሽን ዘርግተሽ አንድ ድንጋይ ከመንካት እኔን ማባረር ነው የቀለለሽ?»