የአርፋጆች ቁጥር

አቶ ጓንጉል የሚባሉ ርዕሰ መምህር ነበሩ። ጠዋት በሰልፍ ላይ ማይክ ይዘው ስለ ሰዓት አክባሪነት ሲናገሩ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፍባቸዋል። አንድ ቀን በመምህራን ስብሰባ ላይ የተማሪዎች አማካሪዋን አስነሱ።

«አርፋጆች ከዘጠና ወደ ዐሥራ አንድ ወረዱ ብለሽ ሪፖርት ጽፈሻል። እኔ በየጠዋቱ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ መክሬ ነው! ስሜን አስገቢ። የሥራ አፈጻጸምሽን የምሞላው እኔ መሆኔን ደግሞ እንዳትረሺ።»

አማካሪዋ መዝገቧን ገለጠች።

«ቁጥሩ የወረደው እርስዎ ሐዋሳ ስልጠና ላይ በነበሩባቸው ሁለት ሳምንታት ነው። ሰኞ ተመልሰው ማይኩን ሲይዙ እንደገና ዘጠና ገባ። ስለዚህ ውጤቱ የእርስዎ ነው፤ ስምዎን አስገባለሁ። ብቻ አሁን ረዘም ያለ ስልጠና ይፈልጉልን።»