ተዘቅዝቆ የተወደሰው ፎቶ

በፎቶ ወዳጆች ማኅበር ደንብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባላቱ ፎቶ ገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ሁሉም ስለ እያንዳንዱ ፎቶ አንድ ጥሩ ነገር ይናገራል። አንድ ቅዳሜ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ባለቤት አቶ ደምመላሽ ጭጋግ የዋጠው ሐይቅ ፎቶ አንስተው መጡ። አንዱ «ሰማዩ ልብ ይሰርቃል!» አለ፤ ሌላው «የምትበረዋ ወፍስ!» አለ። እሳቸውም ውዳሴውን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ። ፎቶዎቹን የሰቀለው አባል፣ አንድ ጫማ ሰፊ፣ ብቻ ዝም አለ፤ ቀና ብሎ ሲያይ የራሱ ስህተት ገብቶታል።

«አንተስ አፍህ ተለጎመ? ማንም ያላለውን ምስጋና ተናገር፤ አለዚያ ሁለተኛ አዳራሼን እንዳትረግጥ!» አሉት።

ጫማ ሰፊው እጅ ነሳ። «ጌታዬ፣ ወፍ የተባለችው ጀልባ ናት፤ ፎቶውን ገልብጬ ነው የሰቀልኩት። ተዘቅዝቆ እንዲህ ከተወደሰ፣ ሲቃናማ ስንት ይባልለት ይሆን!»