አንበሳው ሲስተም ያስገባ ሰሞን

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ተቻችለው በአንድ ላይ ይነግዱ በነበረበት ዘመን፣ ትልቅ የእህል መጋዘን ያለው አንድ አንበሳ ነበር። እመት አህዪት ከየመንደሩ እህል ተሸክማ ታመጣለች፤ አያ ጅቦ መጋዘኑን ይጠብቃል፤ እመት ጦጢት በሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ላይ ተቀምጣ የገባውንና የወጣውን ትቆጣጠራለች። ጅብን መጋዘን ላይ መሾም ምን የሚሉት ነው እንዳትሉኝ፤ እህል አይበላማ! ከእሱ የተሻለ የጤፍ ጠባቂ ከየት ይመጣል?

ችግሩ አህያ መብላቱ ነው። ይህን ራሱም አይክድም። ሥራ የጀመሩ ሰሞን ጦጢትን ጠርቶ፣ «እህቴ፣ ይቺን አህያ ሳያት አፌ ምራቅ ይሞላል። እባክሽ እንዳላያት አንድ ነገር አድርጊልኝ» ብሎ ለመናት። ከዚያ ወዲህ አህዪት ብቅ ስትል ጦጢት ከዋርካው ላይ «ጅቦ ውጣ!» ብላ ትጮሃለች። ጅቦ በጓሮ በር ይወጣል፤ አህዪት በፊት በር ገብታ ጭነቷን አራግፋ ስትሄድ ይመለሳል። እንዲህ ሲሠሩ ዓመታት አለፉ። አንበሳ ጩኸቱን ይሰማል እንጂ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ታዲያ አንበሳ ከወንዝ ማዶ ያለውን ዘመዱን ሊጠይቅ ሄዶ ቀንቶ ተመለሰ። «ግዢውንም፣ መጋዘኑንም፣ ሽያጩንም አንድ ላይ የሚያሳይ ሲስተም አስገብቷል! ጋደም ብሎ ሁሉን በስክሪን ያያል። እኔ ምን ጎደለኝ?» አለና አማካሪውን አቶ ቀበሮን አስጠራ። ቀበሮን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሥራው ሲያልቅ የሚሸለማቸው ዶሮዎች በዓይኑ ላይ እየዞሩ ነው የመጣው።

ቀበሮ መጋዘኑን አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ኋላ ቀር አሠራር ነው። ሁለት በር ለምን? እህሉ በአንድ በር ካልገባና ካልወጣ ሲስተሙ ይሳሳታል። ደግሞ ዛፍ ላይ ወጥቶ መጮህ ምን ማለት ነው? መልእክት በስክሪን ይተላለፋል!»

«እውነትህን ነው» አለ አንበሳ።

የጓሮው በር በግንብ ተደፈነ። ጦጢት ከዋርካው ወርዳ ስክሪን ፊት ተቀመጠች። መጮህም ተከለከለ።

የሥልጠናው ዕለት እመት አህዪት ጆሮዋን ዝቅ አድርጋ ተነሳች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ያ የጓሮው በር እኮ...»

«ጥያቄ መጨረሻ ላይ!» አለ ቀበሮ ቆጣ ብሎ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ምሳ ደረሰ። አንበሳ «ሁላችሁም ተስማምታችኋል አይደል?» ሲል፣ ጦጢት አህዪት ትናገር ብላ ዝም አለች፤ አህዪት አንዴ ቀበሮ ተቆጥቷታልና አፈረች፤ ጅቦ የሚያስበው ስለ ምሳው ነበር። «እሺ ጌታዬ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ወይ ነዶ! ምናለ ያኔ አንዳቸው እንኳ ደፍረው ቢናገሩ!

ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ቀበሮም ዶሮዎቹን አንጠልጥሎ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አህዪት ጤፍ ተጭና መጣች። ጦጢት በመስኮት አየቻት። ልትጮህ አፏን ከፈተችና ክልከላው ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። እንደ ሠለጠነችው «አህያ በዋናው በር እየገባች ነው» ብላ ጽፋ ላከች። መልእክቱ መጋዘን ውስጥ ጅቦ ፊት በተሰቀለው ስክሪን ላይ ብልጭ አለ። ጅቦ አነበበው። ወደ ጓሮ ዞረ፤ ግንብ ነው። ምራቁን ዋጠና ወደ በሩ ዞረ።

የሆነውን አልዘረዝርም፤ አንጀቴ አይችልም።

አንበሳ ጋደም እንዳለ ስክሪኑን ቢከፍት፣ «ጤፍ፦ ገብቷል። አህያ፦ ገብታለች» ይላል። ደስ አለው። የመውጣቷ ነገር ግን ሳይመጣ ረፈደ። ቢጨንቀው ተነስቶ ሄደ። መጋዘኑ ውስጥ የጠበቀው ጤፉና የጭነቱ ገመድ ብቻ ነበር።

«ምን አደረግህ አንተ?» ብሎ ጅቦ ላይ አገሳ።

ጅቦ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ከንፈሩን ይልሳል። «ጌታዬ፣ ሲስተሙ እየገባች ነው አለኝ እንጂ ውጣ አላለኝም። እኔ ደግሞ ጅብ ነኝ። ጅብ መሆኔን መቼ ደበቅሁዎት?»

ጦጢት ፊቷን በእጇ ሸፍና «ምናለ ብጮህ! ብባረርስ ምን ነበረበት!» እያለች ትንሰቀሰቅ ነበር።

አንበሳ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። የአህዪት ባል፣ ሽማግሌው አህያ፣ ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። አንበሳ «አላወቅሁም ነበር» አለ። «እግዜር ያውቃል፣ በሩ ለምን እንደነበረ አላወቅሁም።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው።

«እኔማ ያን ዕለት አትሂጂ ብያት ነበር፣ ጌታዬ። እሷ ግን ‹ጌታችን ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ሳያስቡበት አይቀሩም፤ ለጅቦም አንድ መላ አበጅተውለት ይሆናል› ብላኝ ወጣች።»



ከዚህ የምንማረው አዲስ አሠራር ከመዘርጋታችን በፊት ሥራውን የሚሠሩትን ጠይቀን እስኪጨርሱ ካላዳመጥን፣ ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ሳለ ዋጋውን የሚከፍለው ያስቡልኛል ብሎ ያመነን መሆኑን ነው።