ጋቢ የለበሰው የውሃ ማሞቂያ

ተረቴ መጣች፤ ቦታ ልቀቁላት። አንተ ጥግ ያለኸው፣ አታዛጋብኝ!

ዕቃ ሁሉ በሚናገርበት ዘመን፣ ደብረ ብርሃን ላይ እትዬ ዘርትሁን የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ሙሉቀለም ገና መውለዷ ነው። ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ደግሞ የውሃ ማሞቂያ ነበረ። ከአየር ላይ ሙቀት እየሳበ ለውሃው ይሰጣል፤ የቀረውን ቀዝቃዛ አየር በጀርባው ይተፋል። ሥራው ይኸው ነው።

እትዬ አንድ ቀን እጃቸውን ወደ ጀርባው ቢሰዱ ብርድ መታቸው።

"ኧረ በማርያም! አራሷን ብርድ ሊያስመታብኝ ነው!" አሉና መስኮቱን ዘጉ፤ ማሞቂያውን በጋቢ ጠቅልለው በገመድ አሰሩት።

ከዚያ ወዲያ ውሃው በረዶ ሆነ። ሕፃኑ ሳይታጠብ ዋለ፤ አለቀሰ።

"ይሄስ ሞቷል። ነገ ባለሙያ መጥቶ ይንቀልልኝ" አሉ እትዬ።

ማሞቂያው ሰምቶ ተንገበገበ። "ሳልታገልማ አልነቀልም! ያ ሕፃን በሞቀ ውሃ ሳይታጠብ የትም አልሄድም!" አለ።

መጀመሪያ ፊውዙን ለመነ፦ "ወንድሜ፣ ውደቅልኝ፤ መጥተው ይዩኝ።" ፊውዙ ወደቀ፤ መብራት ጠፋ። እትዬ መልሰው አነሱትና ሄዱ።

ቀጥሎ የውሃ መውረጃ ቱቦዋን ለመነ፦ "እህቴ፣ አልቅሺልኝ።" ቱቦዋ ወለሉን አራሰችው። እትዬ ወለወሉና ባልዲ ደቀኑባት፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

በመጨረሻ ጋቢው ውስጥ የወለደችውን አይጥ ጠራ፦ "እመጫት፣ ገመዱን ቁረጪልኝ።"

"ጎጆዬን በገዛ ጥርሴ ላፍርስ? አብደሃል?"

"እዚያ ማዶ ያለችው አራስም እንዳንቺው እመጫት ናት። ደግሞ የአየር ማጣሪያዬን የጥጥ ብናኝ ደፍኖታል፤ ለስላሳ ነው፣ ለአዲስ ጎጆ ይሆንሻል። ጠራርገሽ ውሰጂው።"

አይጧ አሰበች። ልጆቿን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች በአፏ አንጠልጥላ ከሳጥን ሥር አኖረች። ብናኙን ጠራርጋ አነጠፈችላቸው። ከዚያ ገመዱን ያዘች፦ ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ! ጋቢው ዱብ አለ።

ማሞቂያው ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ደክሞት ነበር፤ ቢሆንም ሙቀቱን ከአየሩ ጭልፋ በጭልፋ ቀዳ።

በማግሥቱ እትዬ ባለሙያውን ይዘው መጡ። ቧንቧውን ቢከፍቱት ውሃው ይፋጃል! የወደቀውን ጋቢ አዩ። እጃቸውን ወደ ማሞቂያው ጀርባ ቢሰዱ እንደ ድሮው ቀዝቃዛ አየር ይተፋል።

"ወይ ጉዴ! ለካ እኔ ነኝ ያፈንኩት" አሉና አፈሩ። የዕቃ ቤቱን መስኮት ከፈቱ፤ ወደ አራሷ ክፍል የሚወስደውን በር ዘጉ። ሕፃኑም ታጥቦ እንቅልፍ ወሰደው።

ተረቴ እዚህ አረፈች። የሠራተኛህን አፍንጫ ደፍነህ፣ "ለምን ሰነፈ?" አትበል።