የየኔታ አውራ ዶሮ የማለዳ ሰላምታ

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በረቱ ትምህርት ቤት ሆኗል።

በዚያ ትምህርት ቤት፣ ከገዛ ድምፃቸው በላይ የሚወዱት ነገር የሌለ የኔታ አውራ ዶሮ የሚባሉ መምህር ነበሩ። በየማለዳው ተማሪዎቻቸውን በክብ ያስቀምጡና «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን! በሉ፣ እንዴት አደራችሁ ተባባሉ» ይላሉ። ሁሉም በተራው «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ይላል። ሌላ መልስ ነውር ነበር።

አንድ ማለዳ የበግ ቦታ ባዶ ሆነ። አፏ ውስጥ ነገር የማያድርባት ፍየል ብድግ አለች።

«የኔታ፣ እኛ ደህና አላደርንም! በግን እኮ ጅብ...»

«ተቀመጪ!» አሉ የኔታ። «ሰላምታ ሳያልቅ ወሬ አይጀመርም። ይልቅ ክቡ እንዳይሳሳ ጠጋ ጠጋ በሉ።»

ጠጋ ጠጋ አሉ። በማግስቱ አህያ ቀረ፤ አሁንም ጠጋ አሉ። ቀጥሎ ጥጃው ቀረ። የኔታ ክንፋቸውን አራገቡ። «ዘንድሮ እንዴት ተቀራርበናል!»

ፍየል ልትናገር ቃጣትና ተወችው። «ተቀመጪ» መባል ሰልችቷት ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ አያ ጅቦ ሆዱን ነፍቶ መጣና ፍየል አጠገብ ዘፍ አለ።

«አዲስ ተማሪ!» አሉ የኔታ። «አንተስ እንዴት አደርክ?»

«እግዜር ይመስገን» አለ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። «እንደ ሰሞኑ ጠግቤ አድሬ አላውቅም።»

«አያችሁ? ከልብ መናገር እንዲህ ነው። አጨብጭቡለት!»

ክቡ ጠቦ ስለነበር የጅቡ ትንፋሽ ፍየል ጆሮ ላይ ነበር። ከሁሉም ቀድማ አጨበጨበች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ በግንስ የሚመልሰው የለም።