ዝንጀሮ የፈለፈለው የእርቅ ዋንጫ

ዝም ብላችሁ ስሙ፤ ሁለት ጊዜ አልናገርም።

በጥንት ዘመን፣ ስሙን ማንም ባልነገረኝ አገር፣ እንጨት እያሾረ ዋንጫና ጣባ የሚፈለፍል አያ ዝንጀሮ የሚባል ነበር። እጁ ብልህ ነበር፤ ይህን አልክድም። እንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር በእግሩ እየሳበ ሲያሾረውና ስለቱን ሲያስጠጋ፣ ከዋንዛው ጉጥ ውስጥ ዥንጉርጉር የሐረግ ጌጥ ይወጣ ነበር። ትዕግሥት ግን አልነበረውም። ዋንዛ ተቆርጦ ጭድ ውስጥ ሁለት ክረምት ካልከረመ ለዋንጫ አይሆንም። እሱ ጠዋት ይቆርጣል፣ ማታ ይፈለፍላል። ሲሰነጠቅበት በሰም ይደፍናል፤ ቅቤ ያሸዋል፤ አለቀ።

በዚያው አገር ነብር የድኩላን ልጅ በላ። ድኩላም ወገኑን ሰብስቦ የነብርን ልጆች ከምንጩ ከለከለ። ሽማግሌው አባ ኤሊ ሦስት ወር ተመላልሶ አስማማቸው። የዚያ አገር እርቅ የሚታሰረው በአንድ ዋንጫ ነው። ከእሳት የወረደ ወተት ይሞላና ታራቂዎቹ እየተቀባበሉ ይጨርሱታል። ትኩስ የሚሆነው ተቻኩለው እንዳይለያዩ ነው። ከሁለቱ አንዱ ጠብታ መሬት ላይ ካፈሰሰ እርቁ ፈረሰ።

ድኩላ ዝንጀሮ ዘንድ ሄደ።

«አያ ዝንጀሮ፣ የእርቅ ዋንጫ ፈልፍልልኝ። የቀረኝ ልጅ አንድ ነው፤ ነፍሱ በዋንጫው ላይ ናት።»

«ከነገ ወዲያ ውሰድ።»

«እንጨቱ ደርቋል?»

«መልኩን እይ አንተ! ሐረጉን እይ!»

በቀጠሮው ቀን መጣ። «ደርቋል ወይ?»

«ምነው ጠረጠርከኝ? መልኩን እይ እንጂ!»

ድኩላም መልኩን አየ። ሞኝ! በሰኮናው መታ ቢያደርገው እርጥብ መሆኑን ድምፁ ይነግረው ነበር።

የእርቁ ቀን ዝንጀሮ ምስጋና ሊቀበል ከፊት ተቀመጠ። አባ ኤሊ ዋንጫውን አገላብጦ፣ «ይህ እንጨት ደርቋል?» አለ።

«አባ፣ መልኩን ይዩ! ሐረጉን ይዩ!»

ወተቱ ተቀዳ። ነብር ፉት ብሎ ሰጠ፤ ድኩላ ፉት ብሎ መለሰ። ዋንጫው እንደገና ነብር እጅ ሲገባ ሰሙ ቀለጠ። ወተቱ ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ከዚያ ወረደ።

«ፈሰሰ!» ነብር ዘሎ ተነሣ። «እርቅ የለም! ልጁን አምጡ!»

ድኩላ ልጁን ከኋላው ከልሎ ቀንዱን ዘቀዘቀ።

«ቁሙ!» አለ አባ ኤሊ። እንዲያ ሲጮህ ሰምቶት የሚያውቅ የለም። «ነብር፣ መዳፍህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ነብር አሸተተ። «ሰም ነው።»

«እንግዲያው ያፈሰሰው ድኩላም አይደለም፣ አንተም አይደለህም። እርቁ አልፈረሰም።»

ሁሉም ወደ ዝንጀሮ ዞሩ። ዛፍ ሊወጣ ሲል ነብር በጅራቱ ጎትቶ አወረደው።

«ለጌጥ የሚቀመጥ መስሎኝ ነው! ማን ይጠጣበታል ብዬ!» አለ ዝንጀሮ።

«ዋሽተሃል!» አለ ድኩላ። «ለምን እንደምፈልገው ነግሬሃለሁ! ልጄን ልታስበላው ነበር!»

አባ ኤሊ ፈረደ። «ወተቱ እንደገና ይፍላ። ዋንጫው ያው ይሁን። ስንጥቁን አንተ፣ አያ ዝንጀሮ፣ በመዳፍህ ትይዛለህ። ጠብ ካለ ነብር ያውቅልሃል።»

ወተቱ ተንተከተከና ተቀዳ። ዝንጀሮ መዳፉን ለጥፎ፣ «ኧረ ቶሎ ጨርሱ! ተቃጠልኩ!» ብሎ ጮኸ።

«ትኩስ ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የምጠጣው» አለ ነብር።

«እኔም አልቸኩልም» አለ ድኩላ።

አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። እርቁ ታሰረ። በማግሥቱ የድኩላ ልጅና የነብር ልጆች ከአንድ ምንጭ ጠጡ። የዝንጀሮ መዳፍ ግን ተልጦ ጠቆረ፤ ዛሬም ፀጉር አያበቅልም። ያላመነኝ ሄዶ ይይ።

እኔ ተናግሬያለሁ፤ የሰማ ይያዝ፦ በሰም የደፈነ፣ በመዳፉ ይከፍላል።